ትሬንድ ሁሉ ለሱቅሽ አይሆንም

ልጄ፣ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ከከፈትሽ ወዲህ ስትደውዪ የምትጠይቂኝ ስለ ጥለትና ስለ ክር መሆኑ ቀርቶ ስለ ቲክቶክ ሆኗል። «እከሊት ይህን ሠርታ ስንት ሰው አየላት፤ እኔም ልሞክር?» ትይኛለሽ። በሀገር ልብስ ንግድ ነውና ያረጀሁት፣ የሚታየኝን እነሆ ጻፍኩልሽ።

1. ገዢሽን እወቂ። የሙሽራ ቀሚስ ብቻዋን የምትመርጥ ልጅ የለችም። እናት አለች፣ አክስት አለች፣ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆና ገንዘቡን የምትልክ እህት አለች። ልጅቷ ቀሚሱን ቲክቶክ ላይ ታየው ይሆናል፤ እናትየው ግን የምታየው በቴሌግራም ሲላክላት ነው። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ከነዚህ ሴቶች የትኛዋ እዚያ እንዳለች ጠይቂ። አንዳቸውም ከሌሉ ይለፍሽ።

2. የእጅ ሥራ የሚያሳይ ትሬንድ ሲመጣ ግን አትለፊው፤ እሱ ያንቺ ነው። ከክር ጀምሮ እስከ ተለበሰው ቀሚስ የሚያሳይ ቪዲዮ ሰው ሁሉ ይወዳል፣ አንቺ ደግሞ የምታሳዪው አለሽ። የዶርዜ ሸማኔ እግሩ መርገጫውን ሲረግጥ፣ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ ጥለቱ ቀስ እያለ ሲወጣ ቅረጪ። ዘፈን አትጨምሪበት፤ የሽመናው ድምፅ ይበቃል፤ ደግሞም በንግድ አካውንት ታዋቂ ዘፈኖችን እንዳሻሽ መጠቀም ቲክቶክ አይፈቅድልሽም። ሸማኔውን ግን አስፈቅጂው፤ ሥራ አቁሞ ለካሜራ የተቀመጠበትንም ክፈዪው። በሱ እጅ ተመልካች ሰብስቦ እሱን መርሳት ነውር ነው።

ቀለሙን በፊልተር እንዳትነኪ። ፊልተር ወርቃማውን ጥለት ያጠቁረዋል፣ የፈትሉን ነጭ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፤ ከዚያ «ያዘዝኩት ይህን አይደለም» ይመጣል። ጠዋት በር ላይ፣ ጥላ ውስጥ ቆመሽ ቅረጪ። ጥለቱን ገልብጠሽ የውስጡን አሳዪ፣ ጣትሽን ከሥሩ አስገብተሽ የሸማውን ስስነት አሳዪ። ዱባይ ያለችው ደንበኛ መዳሰስ ስለማትችል አንቺ ዳስሺላት።

3. ላይቭ ገብቶ እየተሰዳደቡ ጊፍት መሰብሰብ ተመልካች ያመጣል፤ የሚመጣው ግን ጠብ ሊያይ ነው። እናቶች ልብስ ከሚገዙበት ቤት ስድብ አይሰማ።

4. ከመለጠፍሽ በፊት ሸማኔሽ ምን ያህል ያደርሳል በዪ። ትሬንድ በሳምንት ያልፋል፣ ጥለቱ የበዛ ቀሚስ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለው ሕዝብ ከጥምቀት ማግስት የደረሰ ቀሚስ አይቀበልሽም። ያንቺ ቀን መቁጠሪያ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ከዚያም የጥርና የፋሲካ ማግስት ሠርግ ነው። የጥምቀቱን ቀሚስ በኅዳር አሳዪ፤ እጅሽ ሲሞላ ደግሞ «ለጥምቀት ትእዛዝ ዘግተናል» ብለሽ በግልጽ ጻፊ። ቪዲዮሽ ድንገት ተሰራጭቶ መቶ ሰው ቢደውል እንኳ ከምትችዪው በላይ ቀብድ አትቀበዪ። በዚህ ላይ አላላላሽም።

5. «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ልማድ ተዪው። ሌላው ሁሉ ቢያደርገውም ዋጋሽን ጻፊ፤ ሰው ጠይቆ ከመሸማቀቅ ይድናል፣ አንቺም ቀኑን ሙሉ አንድ መልስ ከመጻፍ ትድኛለሽ። ክፍያ በቴሌብር ሲላክ ስክሪንሾት አይተሽ ዕቃ አትስጪ፤ ገንዘቡ በራስሽ ስልክ መግባቱን አረጋግጪ።

6. ሁሉንም በአንድ መድረክ ላይ አትጣዪ። በ2013 ዓ.ም. ክለብሃውስ ሲመጣ ሀገር ውስጥ ያለውም ውጭ ያለውም ወገናችን ሌሊቱን እዚያ ያድር ነበር፤ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በሀገራችን ተገድበው በቪፒኤን ካልሆነ አይከፈቱም ነበር። አምስት ወር ለትንሽ ሱቅ ረጅም ነው፤ ኪራይ አይጠብቅም። ስለዚህ የእያንዳንዷን ደንበኛ ስም፣ ስልክና ልክ በደብተር ያዢ፦ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፣ የእጅጌ ርዝመት። የለካሽበትንም ቀን ጻፊበት፤ ሙሽራ እስከ ሠርጓ ትከሳለችና ቀሚሱ ሳይሰፋ እንደገና ደውለሽ ለኪያት።