ክብደት መቀነሻ መርፌ፦ የፋብሪካው ወይስ በፋርማሲ የተቀመመው?

ሴማግሉታይድ በሳምንት አንድ ቀን ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት ነው። የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ምግብም ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። የዴንማርኩ ኖቮ ኖርዲስክ ዊጎቪ ብሎ የሚሸጠውን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለክብደት መቀነሻነት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ዋጋ

የዊጎቪ መደበኛ ዋጋ በወር 1,350 ዶላር ገደማ ነበር። በ2022 መድኃኒቱ ሲያጥር፣ የአሜሪካ ሕግ በእጥረት ጊዜ ስለሚፈቅድ ፋርማሲዎች ራሳቸው እየቀመሙ በጥቂት መቶ ዶላር ይሸጡት ጀመር። ኢንሹራንስ ለማይከፍልለት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። በፌብሩዋሪ 2025 ኤፍዲኤ እጥረቱ ማብቃቱን ሲያስታውቅ ግን የፋብሪካውን ቅጂ በብዛት የመቀመሙ ፈቃድ አከተመ። ከዚያ በኋላ የተፈቀደው ለተለየ ችግር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በመድኃኒቱ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር አለርጂ ለሚያስነሳበት ታካሚ። በማርች 2025 ኖቮ ኖርዲስክ ከኪሳቸው ለሚከፍሉ ዋጋውን ወደ 499 ዶላር በማውረዱ ልዩነቱ ጠበበ።

ደኅንነት

ዊጎቪ ለገበያ የበቃው በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነው። የተቀመመውን ግን ኤፍዲኤ ከሽያጭ በፊት አይመረምረውም። አንዳንድ ቀማሚዎች ከተፈቀደው የተለየ፣ በኬሚካል ጨው መልክ የተዘጋጀ ሴማግሉታይድ መጠቀማቸውም ታውቋል።

ሌላው አደጋ የመጠን ስሕተት ነው። የዊጎቪ መርፌ መጠኑ አስቀድሞ ተለክቶ ይመጣል፤ የተቀመመው ግን ብዙውን ጊዜ በብልቃጥ ስለሚሰጥ ታካሚው ራሱ በስሪንጅ ይቀዳዋል። በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊ ግራም ካለ፣ የመጀመሪያው መጠን 0.25 ሚሊ ግራም በኢንሱሊን ስሪንጅ 5 ዩኒት ነው። ታካሚው 0.25ን አይቶ እስከ 25 ዩኒት ከቀዳ አምስት እጥፍ ይወጋል። ኤፍዲኤ በ2024 እንዳስጠነቀቀው፣ ከታዘዘላቸው ከ5 እስከ 20 እጥፍ የወሰዱ ሰዎች ነበሩ፤ በብርቱ ትውከትና በፈሳሽ እጥረት ሆስፒታል የገቡም አሉ።

የፋብሪካውም ቢሆን ከጉዳት ነፃ አይደለም። ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው፤ የቆሽት ብግነትና የሐሞት ጠጠርም ሊያስከትል ይችላል። በቤተሰቡ ሜዱላሪ የተባለ የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው ሁለቱንም መውሰድ የለበትም።

ውሳኔ

የፋብሪካውን መግዛት የሚችል ሰው እሱን ይምረጥ። ሐኪሙ የተቀመመ ያዘዘለት ደግሞ የፋርማሲውን ፈቃድ ያረጋግጥ፤ መጠኑን በሚሊ ግራምና በዩኒት አስጽፎ ይያዝ፤ የመጀመሪያውንም መርፌ ባለሙያ ፊት ይውጋ።