የግቢ ኩሬ ኤሊዎች የፀሐይ ብርሃን ፍላጎት፦ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ አካባቢ ሁኔታ አንጻር

ስለ ውሃ ኤሊ አያያዝ የተጻፉ መመሪያዎች አብዛኞቹ ፀሐይ ለወራት ዝቅ ብላ ለምትውልባቸው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ አገሮች የታሰቡ ናቸው። በመሆኑም ዋና ጭንቀታቸው የብርሃን እጥረት፣ መፍትሔያቸውም ልዩ መብራት ነው። በ11.7 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ለሚገኙት ለወልድያና ለመርሳ ግን ጥያቄው ይለያል። ብርሃኑ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ሊመረመር የሚገባው በግቢ ኩሬ ውስጥ ያለችው ኤሊ ታገኘዋለች ወይ የሚለው ነው።

ኤሊ ፀሐይን የምትሻው በሁለት ምክንያቶች ሲሆን፣ እነዚህም ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። አንደኛው ሙቀት ነው። የሰውነቷን ሙቀት እንደ አጥቢ እንስሳት ከውስጥ ስለማታመነጭ፣ ምግብ ለመፍጨትና በሽታን ለመቋቋም ከውሃ ወጥታ መሞቅ ይኖርባታል፤ ቅርፊቷ ሲደርቅም አልጌና ፈንገስ ይቀንስላታል። ሁለተኛው የአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ነው። ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ይህ ጨረር በቆዳዋ ውስጥ የቫይታሚን ዲ3ን መነሻ ይፈጥራል። ቫይታሚኑ ሲያንስ ከምግብ የምታገኘውን ካልሲየም በሚገባ መምጠጥ አትችልም፤ ቅርፊቷ ይለሰልሳል፣ አጥንቷም ይጣመማል። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቀይ ጆሮ ኤሊዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ ጨረሩን ያገኙት በደማቸው የቫይታሚን ዲ መጠን ካላገኙት በጉልህ እንደሚበልጡ አሳይቷል። ትርፉ በዚያው ብርሃን ወደማይሠሩ ውሁዶች ስለሚለወጥ ከፀሐይ የሚመጣ የቫይታሚን መመረዝ አያሰጋም፤ ከመድኃኒት የሚመጣው ግን ያሰጋል።

የፀሐይ መብዛት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከሰው ሕክምናም ይታወቃል። ኢትዮጵያ በፀሐይ የታደለች አገር ሆና ሳለ፣ ተጠቅልለው በቤት ውስጥ በሚውሉ ሕፃናት ላይ የሪኬትስ በሽታ ሲታይ ኖሯል። በአጥር ጥግ የተቆፈረ ኩሬ ለኤሊ ከዚህ ብዙ አይለይም።

የጥላው ስሌት ቀላል ነው። ፀሐይ ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ አጋማሽ እንኳ በቀትር ከደቡብ አድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። በዚህ ጊዜ 2.5 ሜትር ቁመት ያለው የደቡብ አጥር ወደ ሰሜን 1.75 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ 17 ገደማ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ ሆኖም በሰኔ አጋማሽ የሰሜኑ አጥር ወደ ደቡብ የሚጥለው ጥላ ከግማሽ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ከደቡብ አጥር ሥር የተሠራ ጠባብ ኩሬ፣ ኤሊዋ ሙቀት ይበልጥ በምትሻበት በብርዱ ወራት ቀትሩን በጥላ ያሳልፋል። ኩሬውን ወደ ሰሜኑ አጥር ማስጠጋት ያለ ምንም ወጪ ችግሩን ያቃልለዋል። ለተራራ በተጠጉ የወልድያ ሰፈሮች የማለዳ ፀሐይ ዘግይታ ስለምትገባም የቀትሩ ብርሃን ዋጋው ከፍ ይላል።

ወደ መርሳና ወደ ሀብሩ ቆላ ሲወረድ አደጋው ይገለበጣል። ቀይ ጆሮ ኤሊ የምትመርጠው የሰውነት ሙቀት 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ 40 ዲግሪን ጥቂት ሲያልፍ ጡንቻዋን ማዘዝ ይሳናታል። ጥልቀት የሌለው የሲሚንቶ ኩሬ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ፈጥኖ ይግላል፤ ጥቁር ድንጋይም ከውሃው ይብስ ይሞቃል። እዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ፀሐይ ሳይሆን ምርጫ ነው፦ ታችኛው ውሃ ቀዝቅዞ የሚቆይበት ጥልቀት፣ በምዕራብ በኩል የከሰዓቱን ፀሐይ የሚከልል እንደ ማንጎ ያለ ዛፍ፣ እንዲሁም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ የገባ ተዳፋት ግንድ።

በጭላትና በድመት ፍራቻ ኩሬውን በመስታወት መሸፈን ግን ስሕተት ነው። መስታወት ሙቀቱን አስገብቶ የአልትራቫዮሌት ቢ ጨረርን ከሞላ ጎደል ያስቀራል፤ ኤሊዋ ስትሞቅ እየታየች ቅርፊቷ ሊለሰልስ ይችላል። የሽቦ ወንፊት ሁለቱንም ያሳልፋል።