ሰፊ ኤስ.ኤስ.ዲ. በጠባብ ኪስ

ከተማሪው ንብረት ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን ያህል ውድ ነገር የለም፤ ይህንኑ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበትን ዕቃ ግን አብዛኛው ተማሪ የሚገዛው የሻጩን ቃል ብቻ አምኖ ነው። ስለዚህ ጓደኞቻችን ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት፥ ኤስ.ኤስ.ዲ. ስለሚባለው የመረጃ ማስቀመጫ ጥቂት ብናስረዳ መልካም መስሎ ታይቶናል።

ኤስ.ኤስ.ዲ. እንደ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳሕን የለውም። መረጃውን የሚይዘው ናንድ ፍላሽ በሚባለው ቺፕ ጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ በታጎረ የኤሌክትሪክ ሙል ነው። ይህን ቺፕ ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካና የቶሺባ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ለዓለም አስተዋውቀውታል።

የዋጋው ልዩነት ምሥጢር ያለው በዚህች ሕዋስ ላይ ነው። አንድ ብርጭቆ ባዶ ወይም ሙሉ መሆኑን ለመለየት ዓይን አይቸገርም፤ ነገር ግን ውሃው ከ16 ምልክቶች በየትኛው ላይ እንደ ቆመ ለመለየት ጊዜና ጥንቃቄ ያሻል። ቲ.ኤል.ሲ. የሚባለው ዓይነት በአንድ ሕዋስ 3 ቢት ስለሚያስቀምጥ 8 ደረጃዎችን፥ ኪው.ኤል.ሲ. ደግሞ 4 ቢት ስለሚያስቀምጥ 16 ደረጃዎችን መለየት አለበት። ስለዚህም ኪው.ኤል.ሲ. ብዙ ይይዛል፥ ይረክሳልም፤ ሲጽፍ ግን ይዘገያል፥ ቶሎም ያረጃል።

እርጅናው እንኳ ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም። ባለ 1 ቴራባይቱ ሳምሰንግ 870 ኪው.ቪ.ኦ.፥ ማለት ኪው.ኤል.ሲ. የሆነው፥ ዋስትናው 3 ዓመት ወይም 360 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው። በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ተማሪ (ይህን ያህል ትጉህ ካለ) 360ውን ለመጨረስ 49 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ጡረታ ይወጣል።

ዋናው ችግር ፍጥነቱ ነው። ይኸው ዕቃ የመጀመሪያውን 42 ጊጋባይት ለጊዜው ፈጣን በሆነ ክፍሉ ስለሚቀበል በሰከንድ ከ500 ሜጋባይት በላይ ይጽፋል፤ ያ ክፍል ሲሞላ ግን ወደ 80 ይወርዳል። 200 ጊጋባይት ቪዲዮ ብንገለብጥ መጀመሪያው በደቂቃ ተኩል ያልቅና ቀሪው ከግማሽ ሰዓት በላይ ያስጠብቀናል። ዕቃው ሊሞላ ሲቃረብ ደግሞ ፈጣኑ ክፍል ራሱ እየጠበበ ይሄዳል። እንግዲህ መጻሕፍትና የትምህርት ቪዲዮ አስቀምጦ ለሚያነብ ሰው ኪው.ኤል.ሲ. ይበቃዋል፤ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ግን ስፋቱን ቀንሶ ቲ.ኤል.ሲ. ቢገዛ ይሻለዋል ባዮች ነን።

ከመግዛት በፊት የላፕቶፑን ማስገቢያ ማየት ግዴታ ነው። ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ቅርጽ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ሳታ ብቻ፥ አንዳንዱ ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. ብቻ ይቀበላል።

ከሁሉ የከፋው ሐሰተኛው ዕቃ ነው። በእጅ የሚያዝ፥ «16 ቴራባይት» የተጻፈበት፥ ዋጋው ግን ከአንድ ቴራባይት እንኳ ያነሰ ዕቃ ሲቀርብልን ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ የሜሞሪ ካርድ ነው። ለኮምፒዩተሩ ሐሰተኛ ስፋት እንዲናገር ተደርጎ ተሠርቷል። እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ አዲሱ መረጃ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ይጠፋል፤ የፋይሉ ስም ግን ስለሚታይ ባለቤቱ የሚያውቀው ሊከፍተው ሲሞክር ነው። ኤች2ቴስትደብልዩ ወይም ኤፍ3 የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ዕቃውን እስከ ጫፍ ሞልተው መልሰው በማንበብ ይመረምሩታል። ታዲያ ምርመራው መደረግ ያለበት ዕቃው ገና ባዶ ሳለ፥ ሻጩም መልሶ ለመቀበል በተስማማበት ቀን ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ ባለ 1 ቴራባይቱ በዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታይ ማታለል አይደለም፤ ፋብሪካው በ1000፥ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ኤስ.ኤስ.ዲ. ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በመሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ቢቀመጥ ሙሉ ቀስ በቀስ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ከበጀቱ ጥቂት ተርፎ እንደሆነ የመመረቂያውን ጽሑፍ ሁለተኛ ቅጂ በርካሹ፥ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ማኖር ይበጃል።