የገበጣው ጎጆና የቤታችን ጎጆ



ስለ ስካር፣ ስለ ሐሜትና ስለ ዝሙት ብዙ ጊዜ ተምረናል። የዛሬው ትምህርታችን ግን ማንም ኃጢአት ብሎ ስለማይጠራው፣ ነገር ግን ትዳርን ቀስ በቀስ ስለሚያፈርስ ነገር ነው። ይኸውም ልክ ያጣ የጨዋታ ፍቅር ነው።

ጨዋታ በራሱ ክፉ አይደለም። አባቶቻችን ገበጣና ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ኖረዋል። የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይወዱ እንደ ነበር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገራችንን የጎበኘው እንግሊዛዊ ሔንሪ ሳልት ጽፏል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች ቢቆጥሩ ከ100 በላይ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ገበጣ ሒሳብን ያስተምራል፤ አርቆ ማሰብንም ያለማምዳል። ታዲያ ጥፋቱ ከምን ላይ ነው?

እዚሁ በሙጃ አካባቢ የሚኖር አንድ አባወራ የራሱን ታሪክ፣ ስሙን ሳንጠራ፣ ለወጣቶች ትምህርት እንድናደርገው ፈቅዶልናል።

ይህ ሰው አይጠጣም፤ አይሳደብም፤ በሚስቱም ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም። ሦስት ልጆች አሉት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ጥላ ሥር ከጓደኞቹ ጋር ገበጣ መጫወት ጀመረ። ቆይቶ ቅዳሜን ጨመረ። ከዚያ የሥራ ቀኑም ሁሉ ለገበጣ ሆነ። አንድ ቀን ትንሿ ልጁ በትኩሳት ስትቃጠል እናትየው ታላቁን ልጅ «አባትህን ጥራ» ብላ ላከችው። አባት ግን ቀና ሳይል «ይህችን ልጨርስና እመጣለሁ» አለ። ልጁ እስኪመሽ ድረስ ከኋላው ቆሞ ጠበቀ። እናትየው ልጅቷን አዝላ ብቻዋን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ልጅቷ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነች። ታላቁ ልጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አባቱን ለምንም ነገር መጥራት ተወ።

በዚያው ዓመት የበልግ ዝናብ ጣለ። በእኛ ደጋ ገብስ በበልግ የሚዘራበት ጊዜ አጭር መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። የጎረቤቶቹ ማሳ አረንጓዴ ሲለብስ የእርሱ በሬዎች ገና ቀንበር አልነኩም ነበር። ሚስቱ ምንም ሳትናገር ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ገባች።

ባልየው ደነገጠ፤ ሽማግሌም ላከ። እርሷም እንዲህ ብላ መለሰች፦ «አባቶቼ፣ አልመታኝም፤ አልሰደበኝም። ነገር ግን ከእኛ ጋር አልነበረም። ከሌለ ሰው ጋር እንዴት ልታረቅ?» ሽማግሌዎቹ የሚመልሱት አጥተው ተመለሱ።

ያን ሌሊት ገበጣውን ከእሳት ጨመረውና «አቃጥዬዋለሁ፣ ተመለሺ» ብሎ ላከባት። እርሷም «እንጨቱ ምን በደለ?» አለች።

በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። ካህኑ በትዕግሥት ካዳመጡት በኋላ «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አሁን ‹ተመለሺ› አትበላት። በየቅዳሜው ልጆችህን ለማየት ሂድ። እደርሳለሁ ባልክበት ሰዓት ድረስ፤ የሚያስፈልገውን ሥራ፤ ተመለስ» አሉት።

እንደ ታዘዘውም አደረገ። ፍልጥ ተሸክሞ ይሄዳል፤ የአማቱን አጥር ያጥራል፤ የልጆቹን ደብተር ያያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታላቁ ልጅ ከቤት አልወጣለትም። ሰውየው ግን መሄዱን አላቋረጠም። የራሱንም መሬት ለክረምቱ ዘር አርሶ አለሰለሰ።

ከብዙ ቅዳሜዎች በኋላ ልጁ መጥቶ ከአጠገቡ ተቀመጠና «አባዬ፣ ገበጣ እንዴት ነው የሚቆጠረው?» ብሎ ጠየቀ። አባት ፈራ። እናትየው ከበሩ ሆና ትመለከታለች። ከመሬቱ ላይ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ጠጠር ለቀመ፤ አንድ ጨዋታ አጫወተው። ልጁ «ድገመኝ» ሲለው «ከብቶቹ ውኃ አልጠጡም፤ መጀመሪያ እነርሱን» ብሎ ተነሣ። ኋላ ሚስቱ «ወደ ቤቴ የመለሰኝ ያ መነሣቱ ነው» ብላ ተናግራለች። የክረምቱ ዘር እንዳለቀ ተመለሰች። ልጁ ግን እስከ ዛሬ አባቱ ከቤት ሲወጣ «ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አባትም ሳይቆጣ ይመልስለታል።

ወጣቶች ሆይ! ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፤ ጥፋቱ ከልኩ ላይ ነው። ቴዎዶር ቤንት የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1893 ባሳተመው መጽሐፉ በአገራችን የገበጣ ጉድጓዶች «ጎጆ» እንደሚባሉ ጽፏል። እንግዲህ ያ አባወራ የገበጣውን ጎጆ በጠጠር ሲሞላ የራሱ ጎጆ ባዶ ሆኖ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም እ.ኤ.አ. በ399 በቁስጥንጥንያ ምእመናን ቤተ ክርስቲያንን ትተው ወደ ፈረስ ግልቢያና ወደ ቴአትር በመሄዳቸው አዝኖ በብርቱ ገሥጿቸዋል። ይኸው አባት ቤታችሁን ቤተ ክርስቲያን አድርጉ እያለ ያስተምር ነበር። ካህን ቅዳሴ አቋርጦ ለጨዋታ እንደማይወጣ ሁሉ አባትም ቤቱን እንዲሁ ጥሎ ሊወጣ አይገባውም።

ሁለተኛ፤ ንስሐ በፍሬው ይታወቃል። ዘኬዎስ ጌታን ወደ ቤቱ በተቀበለ ጊዜ ማዘኑን ብቻ አልተናገረም፤ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. ምዕ. 19)። ያ አባወራ የቀማው ጊዜን ነበር፤ ስለዚህ የመለሰው ጊዜን ነው። ገበጣውን ማቃጠል የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። በየቅዳሜው በሰዓቱ መድረስ ግን ቀላል አይደለም።

ሦስተኛ፤ ይቅርታ በቀጠሮ አይጠየቅም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጁ ነበር፤ አባቱ ከቤት ሆኖ ይጠብቀው ነበር። በዚህ ታሪክ ግን የጠፋው አባት ስለሆነ መሄድና መጠበቅ ሁለቱም የእርሱ ዕዳ ሆኑ። የተበደለ ሰው የሚድንበትን ቀን በዳዩ ሊቆርጥለት አይችልም።

ይህ ለባለትዳሮች ብቻ የተነገረ አይምሰለን። ዛሬ ገበጣው በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ የእግር ኳስ ጨዋታውም እንዲሁ። እናታችን ስትጠራን «ይህችን ልጨርስና» የምንል ከሆነ ነገ የምንመሠርተውን ቤት ከዛሬ ጀምረን እያፈረስን ነው። መነሣትን የሚለማመድ ሰው ግን ጨዋታው አይገዛውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሚስቲቱ «ከሌለ ሰው ጋር እንዴት ልታረቅ?» ያለችው ለምንድን ነው?
2. ካህኑ «ተመለሺ አትበላት» ብለው የመከሩት ስለ ምን ይመስላችኋል?
3. ታላቁ ልጅ እስከ ዛሬ «ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቁ አባቱን ይቅር አለማለቱን ያሳያልን?
4. በዚህ ሳምንት ከቤተሰባችሁ ማን ጠርቷችሁ ዘግይታችኋል? ዛሬ ሄዳችሁ ምን ትሠሩላቸዋላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።