ነጥቶ የተወለደ ልጅ

ከጠይም አባትና ከጠይም እናት ቆዳውም ጠጉሩም የነጣ ልጅ ሊወለድ ይችላል። በዱርቤቴም ሆነ በሌላ አገር «እርግማን ነው፤ ለምጽ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ይህ አልቢኒዝም ይባላል፤ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም።

ነገሩ የዘር ነው። ልጅ የቆዳ ቀለም የሚሰጠውን ዘር አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ ይወርሳል። ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቀለም የማይሰጥ ዘር ቢደርሰው ጠይም ይሆናል። ከሁለቱም ቢደርሰው ይነጣል። እንግዲህ እናቲቱን ብቻ መውቀስ ስሕተት ነው።

የልጁ ዓይን ብርሃን አይችልም፤ አጥርቶም አያይም። ፀሐይ ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ውሎ አድሮም የቆዳ ካንሰር ሊያመጣበት ይችላል። ስለዚህ፦

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከብት አያግድ።
ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ይልበስ።
በትምህርት ቤት ከፊት ይቀመጥ።
አልሽር ያለ ቁስል ከወጣበት ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ጠይም ወላጆች ነጭ ልጅ የሚወልዱት ለምንድን ነው?