የዱር ጉዞ ገጠመኝና የይሆናልነት ስሌት፦ ከሂርማታ እስከ ጌራ

የይሆናልነት ስሌት በብዙ ተማሪዎች ዘንድ ከሕይወት የራቀ የሂሳብ ክፍል ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ የሚና ጨዋታ የሚባለውን የጠረጴዛ ዙሪያ ጨዋታ የሚያዘጋጅ ሰው በየደቂቃው ይህንኑ ስሌት ይጠቀማል። በዚህ ጽሑፍ ተጫዋቾች በምናባዊ ጫካ ሲጓዙ ድንገት የሚገጥማቸው ነገር እንዴት እንደሚቀመር በጅማ አካባቢ ምሳሌ እንመለከታለን።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ፈር ቀዳጅ እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። አንዱ ተጫዋች ዓለሙንና በውስጡ ያለውን ሁሉ ይተርካል፤ ሌሎቹ የተጓዦቹን ሚና ይዘው ይወስናሉ፤ እርግጠኛ ያልሆነውን ነገር ደግሞ ዳይስ ይዳኘዋል።

ቦታው

ለዱር ጉዞ ጨዋታ ባዕድ አገር መፈለግ አያስፈልገንም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጊቤ አካባቢ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የተባሉ አምስት መንግሥታት ነበሩ። የዛሬዋ ጅማ ባለችበት ሥፍራ የነበረው የሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበር። በግዛቶቹ ወሰን ላይ «ሞጋ» የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ጠፍ መሬት ይተው ነበር፤ መግቢያውም በኬላ ይጠበቅ ነበር። እንግዲህ ከሂርማታ ወደ ጌራ የሚሄድ ሲራራ ከአንዱ ኬላ ወጥቶ ሌላው ኬላ እስኪደርስ የሚያልፈው ዱር ለጨዋታችን ተስማሚ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ገጠመኝ አለ ወይስ የለም?

ቀኑን ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ምሽትና ሌሊት ብለን በአራት እንከፍለዋለን። በእያንዳንዱ ክፍል ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ አንድ ጊዜ ይጣላል፤ 6 ከወጣ ገጠመኝ አለ። ታዲያ በቀን ቢያንስ አንድ ገጠመኝ የመኖሩ ዕድል ስንት ነው? አራት ጊዜ ስድስተኛ ስለሆነ ሁለት ሦስተኛ ነው ብሎ መመለስ ስሕተት ነው። ትክክለኛው መንገድ አንድም 6 የማይወጣበትን ዕድል አስቀድሞ ማስላት ነው። አራት ውርወራ 1,296 ውጤቶች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ 625ቱ 6 የሌለባቸው ናቸው። ስለዚህ ገጠመኝ የመኖሩ ዕድል 671 ለ1,296 ወይም 52 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር ታሪክ አለው። ሸቫሊዬ ደ ሜሬ የተባለው ፈረንሳዊ የቁማር ጥያቄዎቹን ለፓስካል ካቀረበ በኋላ ፓስካልና ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1654 የተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች ለይሆናልነት ጥናት መሠረት ጥለዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ምን ገጠመ?

በአንድ ዳይስ ስድስት ነገሮችን ብንዘረዝር ሁሉም እኩል ዕድል ይኖራቸዋል፤ ነብርም እንደ ዝንጀሮ ይበዛል ማለት ነው። ሁለት ዳይስ ጥለን ብንደምር ግን 36 ውጤቶች ስለሚኖሩ መካከለኞቹ ድምሮች ይበዛሉ፣ የዳሮቹ ይመናመናሉ። የቀኑ ሠንጠረዥ የሚከተለው ነው፦

2፦ ነብር (1 ለ36)
3–4፦ ድኩላ (5 ለ36)
5–6፦ የዝንጀሮ መንጋ (9 ለ36)
7፦ ሌሎች ሲራራ ነጋዴዎች (6 ለ36)
8–9፦ ጉሬዛዎች በዛፍ ላይ (9 ለ36)
10–11፦ የሞላ ወንዝ ወይም የወደቀ ዛፍ (5 ለ36)
12፦ የታመመ መንገደኛ (1 ለ36)

ሌሊት ዝንጀሮና ጉሬዛ ስለሚያርፉ በቦታቸው ጅብና የዱር አሳማ ይገባሉ፤ የነብሩ ቁጥር ግን አይለወጥም።

አሁን ሁለቱን ዘዴዎች እናወዳድር። ስድስት ቀን 24 የጊዜ ክፍሎች አሉት። በአንድ ዳይስ ዝርዝር ነብር በእያንዳንዱ ክፍል የመገኘቱ ዕድል 1 ለ36 ስለሆነ፣ በስድስቱ ቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ የመታየቱ ዕድል 49 በመቶ ይደርሳል። በሁለት ዳይስ ሠንጠረዥ ግን ዕድሉ 1 ለ216 ስለሚሆን የስድስቱ ቀን ድምር ከ11 በመቶ ያነሰ ነው። ነብር ከሰው የሚሸሽ እንስሳ በመሆኑ ለእውነታው የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ሠንጠረዥ የሚያወጣ ሰው ሳያውቀው ስለ አንድ አገር ይመሰክራል፤ በየቀኑ አውሬ የሚወጣበትን ጫካ የተጫወተ ወጣት እውነተኛውንም ጫካ በጠላትነት ሊያይ ይችላል። ይህም ጫካ ቡና በተፈጥሮው የሚበቅልበት ነው።

ገጠመኝ ሁሉ ውጊያ መሆን እንደሌለበትም ልብ ይሏል። አስቀድሞ ኮቴ፣ ፋንድያ ወይም የጉሬዛ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ቢቀርብ ተጫዋቾቹ መንገድ የመቀየር ዕድል ያገኛሉ። ያለ ምንም ምልክት በአንድ ውርወራ የሚገድል ዕጣ ግን ውሳኔያቸውን ከንቱ ያደርገዋል።

የዳይሱ ወሰን

ዳይስ ትዝታ የለውም። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳይገጥም የሚያልፍበት ዕድል 23 በመቶ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ግን ዕድሉ ያው 52 በመቶ እንጂ «ተራው ደርሷል» ተብሎ አይጨምርም። እንስሳ ግን ትዝታ አለው። የጅማ ገበሬ በቆሎው ሲያሽት ማሳውን ከዝንጀሮና ከዱር አሳማ የሚጠብቀው፣ ትናንት እሸት ያገኘ መንጋ ዛሬም እንደሚመለስ ስለሚያውቅ ነው። በዳይስ ሒሳብ ብቻ ተማምኖ የጥበቃ ማማውን ትቶ የሚተኛ ሰው የዓመት ቀለቡን ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም በማሳ ዳር ለሚደረግ ጨዋታ፣ መንጋው አንድ ጊዜ ከመጣ በማግስቱ 5 ወይም 6 ሲወጣ ይመለሳል የሚል ደንብ ብንጨምር ሞዴላችን ይሻሻላል።

ለመለማመጃ ያህል አንባብያን የሚያውቁትን የአጋሮ፣ የሊሙ ገነት ወይም የሌላ አካባቢ ጫካ መርጠው የሌሊቱን ሠንጠረዥ እንዲያዘጋጁ እንጋብዛለን። የዕድሎቹ ድምር 36 ለ36 መሆኑን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ቀጥሎ በአካባቢው የኖሩ አዛውንቶችን የትኛው እንስሳ እንደሚበዛ፣ የትኛውም እየጠፋ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።