መኪና ከፍ ማድረግ ለይፋት ቆላ መንገድ፦ በአቅማችን የቱ ይሻላል?

የሰስፔንሽን ትምህርት ስንማር ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚሳለው መኪና ሁልጊዜ ሜዳ ላይ የቆመ ነው። እኔ ግን የሸዋ ሮቢት ልጅ ስለሆንኩ ትምህርቱን የተከታተልኩት የራሳችንን መንገድ እያሰብኩ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይሆናል። ከዚያ ጣልያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ያሠራውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ይዞ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ሥራው መውረድ ብቻ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቆላ ቀበሌዎች ከገባ ደግሞ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ክረምት ሲሆን ጭቃና ጎርፍ ይጠብቀዋል። አንዱ መንገድ ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል፣ ሌላው ዝቅ ያለ። ችግሩ መኪናው አንድ መሆኑ ነው።

ይህን እንዳነሳ ያደረገኝ አጎቴ ነው። ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ያለው አሮጌ ሀይሉክስ አለው፤ ሽንኩርትና ማሾ ከማሳ እያወጣ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በእሱ ነው። ዲፈረንሻሉ ድንጋይ እየመታ ሲያስቸግረው አንድ ጋራዥ «10 ሳንቲ ሜትር በአንድ ቀን እናነሳልሃለን» አለው። ዋጋውም ርካሽ ነበር። «አንተ እዚያ የምትማረው ምንድነው፣ እስቲ ንገረኝ» ብሎ ጠየቀኝ። የመለስኩለትን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ባለ ሙሉ አክስል መኪና ላይ ባሌስትራው ሲነሳ ከፍ የሚለው ሻሲውና ከሻሲው በላይ ያለው ነው። ዲፈረንሻሉ ከአክስሉ ጋር ስለሆነ በነበረበት ይቀራል! እሱን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው። ስለዚህ ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻሉ ከሆነ፣ 10 ሳ.ሜ ቀርቶ 20 ሳ.ሜ ቢያነሱትም ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። የአጎቴ መኪና 205 አር 16 ጎማ ነው የተገጠመለት፤ ዲያሜትሩ 74 ሳ.ሜ ገደማ ይሆናል። በ7.50 አር 16 ቢቀየር ዲያሜትሩ ወደ 80 ሳ.ሜ ስለሚጠጋ አክስሉ በግማሹ፣ ማለትም 3 ሳ.ሜ ያህል ከፍ ይላል። ጎማ ደግሞ ሲያልቅ መገዛቱ ስለማይቀር ወጪው ሙሉ በሙሉ አዲስ ወጪ አይደለም።

ትልቅ ጎማ ግን የራሱ ዕዳ አለው። ዙሪያው በ8 ከመቶ ስለሚያድግ ቆጣሪው 60 ሲያሳይ መኪናው 65 እየሄደ ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ የሚይዝበት ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ፍሬኑም እንዲሁ። ሹፌሩ ይህን አውቆ ከድሮው ባነሰ ማርሽ መውረድ አለበት።

አሁን ወደ ማንሳቱ ልግባ። ትልቁ ጎማ መሪ ሲዞር ከመከላከያው (ፓራፋንጎው) ጋር እንዳይነካካ ትንሽ ማንሳት ያስፈልጋል፤ 4 ወይም 5 ሳ.ሜ ይበቃል። ለዚህ ገበያው የሚያቀርበው ብዙ ነው። አቅም ላለው እንደ ኦልድ ማን ኢሙ ያሉት የአውስትራሊያ ዕቃዎች ባሌስትራውንና ሾካብዞርበሩን አንድ ላይ ተስማምተው የተሠሩ ናቸው። እኛ ግን የምናወራው ሶማሌ ተራ ዞሮ ዋጋ ጠይቆ ስለሚመለስ ሰው ነው።

ከርካሾቹ ሁሉ ርካሹ የባሌስትራውን ማንጠልጠያ (ሻክል) ማስረዘም ነው። ሻክሉ የሚይዘው የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ብቻ ስለሆነ 5 ሳ.ሜ ለማንሳት 10 ሳ.ሜ መርዘም አለበት። ረጅም ሻክል ወደ ጎን ይወላገዳል፣ ቦኮላውን ይበላል። ከፊት ከተደረገ ደግሞ የአክስሉን አቀማመጥ ስለሚያዞረው ካስተር የምንለው አንግል ይበላሻል፤ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ አይመለስም ወይም መኪናው ይዋዥቃል። ሜዳ ላይ ይህ የሚያናድድ ነገር ነው። ከዋሻው በታች ባሉት ኩርባዎች፣ ያውም ጉም ወርዶ ሳለ፣ ከማናደድ ያለፈ ነው።

ሁለተኛው አሮጌውን ባሌስትራ ማስመታት ነው። በቀዝቃዛው ተመትቶ ከታጠፈ ለጊዜው ይረዳል። እሳት ውስጥ ገብቶ ቀልቶ ከተመታ ግን ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያጣል፤ እንደገና በአግባቡ ካልተጠነከረ (ካልተጠመቀ) ጥቂት ጭነት ካየ በኋላ ይተኛል። ብረቱ ቀይ ሲሆን ካያችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። በባሌስትራና በአክስሉ መካከል ብሎክ ማስገባት ደግሞ ከኋላ ብቻ፣ ያውም አንድ ወጥ ብረት ከሆነ ይቻላል። ከፊት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ፍሬን ሲያዝ አክስሉ ሊጠመዘዝ ይችላልና።

ለአጎቴ የመረጥኩት አንድ ቅጠል መጨመርን ነው። ባሌስትራው ላይ አንድ ተጨማሪ ቅጠል ሲገባ ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ ያነሳል። ጉዳቱ መኪናው ይደርቃል፣ ባዶውን ሲሄድ ያዘልላል። ይሁንና እሱ ባዶውን የሚሄደው መቼ ነው? ቅጠሉ፣ ረዘም ያለ የመሀል ቡሎንና አዳዲስ ዩ-ቦልት ተደምረው ከሙሉ ዕቃው በብዙ ያንሳሉ። አሮጌ ዩ-ቦልት አንዴ ተስቦ ስለነበር መልሶ መጠቀም አይገባም። ሾካብዞርበሩም መለካት አለበት፤ ካጠረ መኪናው ሲዘል ማቆሚያ ገመድ ሆኖ ይበጠሳል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ፍሬኑ ነው። እንደዚህ ባሉ የጭነት ፒካፖች ላይ ከኋላ፣ በሻሲውና በአክስሉ መካከል በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። ሥራው ጭነት መለካት ነው፦ ሻሲው ወደ አክስሉ ሲቀርብ «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ፍሬን ዘይቱን ይለቃል፤ ሲርቅ «ባዶ ነው» ብሎ ይቀንሳል። መኪናውን ስናነሳው ቫልቩን እናታልለዋለን። 10 ኩንታል ተጭኖም ገና ሙሉ ጭነት እንዳልያዘ ይቆጥረዋል። የኋላው ፍሬን ሲሰንፍ የፊተኛው ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም መያዙን ያቆማል። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና ከጣርማ በር ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ወደ 50 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት በሞተርና በፍሬን መብላት እንዳለበት አስቡት። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው፦ የዘንጉን የአክስል በኩል መያዣ መኪናው በተነሳበት ልክ ከፍ ማድረግ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹም አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል እንደማይወጠሩ ማየት። ያ ጋራዥ ስለዚህ ቫልቭ ሲጠየቅ «እሱ ምንም አያደርግም» ነበር መልሱ። አጎቴ ሐሳቡን የቀየረው እዚህ ላይ ነው።

መገልበጥስ? የሚሉ ጓደኞቼ ነበሩ። አስልቼዋለሁ። የጎማዎቹ ስፋት 1.43 ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል 70 ሳ.ሜ ላይ ነው እንበል፤ ሬዲየሱ 30 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በሂሳብ ደረጃ መገልበጫው 62 ኪ.ሜ በሰዓት ይሆናል። ማዕከሉ 5 ሳ.ሜ ሲነሳ 60 ይደርሳል። ሽንኩርቱ ተቆልሎ ማዕከሉን 95 ሳ.ሜ ካደረሰው ግን፣ ምንም ሳይነሳ፣ ወደ 54 ይወርዳል። (መኪና እየተወዛወዘ ስለሚሄድ በእውኑ ከዚህም ባነሰ ይገለበጣል።) ስለዚህ ከማንሳቱ ይልቅ የሚያሰጋው የጭነቱ ቁመት ነው።

ወንዝ መሻገርን በተመለከተ አጭር ልናገር። ሮቢም ሆነ ጀውሃ ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ፀሐይ እያለ ይሞላሉ። 60 ሳ.ሜ የሆነ ፈጣን ውኃ አብዛኛውን መኪና ይገፋል፤ 5 ሳ.ሜ መነሳት ይህን አይለውጠውም። የሚጠቅመው የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ በቱቦ አስረዝሞ ወደ ላይ ማውጣት ነው፤ አለበለዚያ የጋለው ዲፈረንሻል ውኃ ውስጥ ሲገባ እየቀዘቀዘ ውኃ ይስባል። ወጪው የአንድ ሜትር ቱቦ ዋጋ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ለካሁት፤ ሻሲው ከነጎማው 7 ሳ.ሜ፣ ዲፈረንሻሉ 3 ሳ.ሜ ከፍ ብሏል። የፕሮፔለር ሻፍቱ ክሮቼራ እንዳልተጨነቀ በእጅ እያዞርን አየን፣ ካስተሩን አስለካን። ዩ-ቦልቶቹን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አጎቴም ከደብረ ብርሃን መልስ ሸዋ ሮቢት ላይ አጥብቋቸዋል።